በኔ ቤት ልጄን እያስተማርኩ ነው

ልጆች ስክሪን ላይ ከሚያፈጡ በእጃቸው እየነካኩ ቢማሩ ይሻላል ይባላል። ልክ ነው። ችግሩ ወላጅም እጅ ያለው መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የስድስት ዓመት ልጄ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ውሃ ትገለብጣለች። ትልቁን ኩባያ ለመሙላት ትንሹ ስንቴ እንደሚያስፈልግ እየቆጠረች ነበር፤ ደስ ብሏታል። እኔ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ስልኬ ላይ የእሳተ ገሞራ አሠራር ስመለከት ያመሸሁ አባት ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። «ተይው እሱን፤ ነይ እንማር» አልኳት።

እሳተ ገሞራው ቀላል ነው። ጠርሙስ፣ ጠርሙሱን ተራራ የሚያስመስል ወረቀት፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ቀይ ቀለም፤ መጨረሻ ላይ አቼቶ። አቼቶው አሲድ ነው። ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ጋዙ ለመውጣት ሲጣደፍ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ይዞት ይገነፍላል። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ወረቀቱን እኔ ቀደድኩ፣ እኔ ለጠፍኩ፣ እኔ ቀባሁ። ብሩሹን ልትይዝ ስትል «ቆይ፣ ታበላሺዋለሽ» አልኳት። አቼቶውንም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም እሷ ገና በደንብ ማፍሰስ አትችልም (ጠዋቱን ሙሉ ምን ስትሠራ እንደነበር አይጠየቅም)። ግንፍል ሲል እኔው ጮህኩ፣ እኔው አጨበጨብኩ።

«አባዬ፣ አሁን ተራዬ ደረሰ?»

አቼቶው አልቆ ነበር። እጇን ጠርሙሱ ላይ አስደግፌ ፎቶ አነሳኋትና «ልጄ ዛሬ የሠራችው» ብዬ ለጠፍኩት።

በሳምንቱ እንቁላል መጣ። እንቁላል ንጹህ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ውሃው ላይ በርከት ያለ ጨው ካሟሟችሁበት ግን ይንሳፈፋል፣ የጨው ውሃ እፍጋቱ፣ ማለትም በእኩል መጠን ሲለካ ክብደቱ፣ ከእንቁላሉ ስለሚበልጥ። ስለ እፍጋት፣ ተማሪ ሳለሁ ራሴም ያልገባኝን ነገር፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና «አባዬ፣ አንተ ዋና የማትችለው ጨው ስለሌለህ ነው?» አለች። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና እስክታለቅስ ሳቀች። «ዛሬ ገና ገባሽ!» አለቻት።

የሊጡን ነገርማ አታንሱብኝ። ፕሌይ-ዶ የሚባለው ባለቀለም ሊጥ ሲጀመር መጫወቻ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ከግድግዳ ወረቀት ላይ የከሰል ጥላሸት ለማንሳት የተሠራ ማጽጃ ነው። ሰው በከሰል ቤቱን ማሞቅ ሲተው ፈላጊው ቀነሰ፤ ልጆች በእጃቸው ሲያድቦለቡሉት እንደሚወዱት ታየና እ.ኤ.አ. በ1956 መጫወቻ ተብሎ ወጣ። እኔም ግድግዳ ለማጽዳት የተፈጠረውን ነገር በማንኪያ ጀርባ ከግድግዳ ላይ ስፍቅ አመሸሁ።

ከዚያ ደግሞ ስለ ማሪያ ሞንቴሶሪ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ «የልጆች ቤት» ያለችውን ትምህርት ቤቷን ከፍታ ስትከታተል፣ ልጆቹ አሻንጉሊቱን ትተው እውነተኛ ሥራ መሥራት እንደሚመርጡ ያስተዋለች ሴት ናት። እሰየው ብዬ ለልጄ መጥረጊያ ሰጠኋት። እየዘፈነች ጠረገች። ጥጉን ስትዘለው ግን አላስቻለኝም፣ ቀማኋት። ሚስቴ እኔን መጥረጊያ ይዤ ስታይ የበር ደወል የተደወለ ይመስል ብድግ አለች።

የመጨረሻው ባቄላ ነው። እርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ አስቀምጦ ሲበቅል ማየት። ዓላማው ልጅቷ ማስተዋል እንድትለምድ ነው፤ ስለዚህ ደብተር ሰጥቼ ባቄላዋን በየቀኑ እንድትስል አዘዝኳት። እሷ ትስላለች፤ እኔ ጠዋት ማታ ጥጡን እየገለጥኩ፣ ባቄላዋን እያገላበጥኩ «ምን ነካት?» እላለሁ። አምስት ቀን ሆነ፣ ምንም የለም። ልጄ እንዳታዝን ብዬ ማታ ተኝታ ሳለ ባቄላዋን ከነጥጧ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩና በምትኳ ሌላ ምስሏን አስቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይቺ የኔ ባቄላ አይደለችም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ደብተሯን ገለጠች። አምስት ባቄላ ተስሏል፤ አምስቱም ጎናቸው ላይ ጭረት አላቸው። ከዚያ በኋላ የተሳሉት ሁለቱ ጭረት የላቸውም። አስተውላለች ማለት ነው። ለመካድ ሞከርኩ፤ ማስረጃ በስዕል ቀርቦ እንዴት ይካዳል?

እንግዲህ ቆሻሻ የማውጣቱ ተራ የኔ ስለነበር ከረጢቱ ለሦስት ቀን ንቅንቅ ሳይል እዚያው ተቀምጧል። በስልክ መብራት ተንበርክከን ፈለግን። እርጥብ የሻይ ቅጠል ሥር፣ ከነጥጧ፣ ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳይገልጣት አገኘናት።

በቅላለች።

ነጭ ሥሯን ለማየት ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ወደ ደረቷ አስጠግታ ያዘቻት።

«ቆይ፣ ታበላሻታለህ።»