ሌሊት ነርስ በሌለበት ማን ይስጥ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አዋቂዎች በሚኖሩባቸው የእንክብካቤ ተቋማት የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥን የሚያስቆመውን አስቸኳይ መድኃኒት መስጠት ያለበት ነርስ ብቻ ነው ይላል። ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። በብዙ ተቋማት ሌሊት ነርስ የለም፤ ያለው ተንከባካቢ ብቻ ነው።

አብዛኛው መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ ግን ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በራሱ የመቆም ዕድሉም እየጠበበ ይሄዳል። 30 ደቂቃ ከደረሰ አንጎልን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ አምቡላንስ እስኪደርስ ዝም ብሎ ማየት ነው?

መድኃኒቱም እኮ መርፌ አይደለም። በፊት በፊንጢጣ የሚሰጠው ዲያዜፓም ነበር፤ አዋቂን ሰው በሌሎች ፊት ልብሱን ማውለቅ ክብሩን ይነካል። አሁን በአፍንጫ የሚረጭ ሚዳዞላም አለ። አሜሪካ በ2019 የፈቀደችው የጤና ባለሙያ ያልሆነ ሰውም እንዲሰጠው ነው። ሚስት ቤቷ ለባሏ የምትሰጠውን የሰለጠነ ተንከባካቢ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

እርግጥ መድኃኒቱ ያስተኛል፣ አተነፋፈስንም ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ተንከባካቢ እንዲሰጥ የሚፈቅደው ሕግ ሥልጠና ያስገድድ። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሐኪም የፈረመበት እቅድ ይኑር፦ መቼ ይሰጥ፣ ስንት፣ ካልቆመስ? በእቅዱ መሠረት የሰጠ ሠራተኛም እንዳይከሰስ ከለላ ያስፈልገዋል።

ቁልፉም አይረሳ። መድኃኒቱ ቁጥጥር ስለሚደረግበት ይቆለፍበታል። ቁልፉ ቤቱ በገባ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ከሆነ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የሌሊት ተረኛው እጅ ይሁን ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።