የሚደበቅ ነገር የለንም

ጅማ እንግዳ ተቀባይ ናት ሲባል ቡናውን ብቻ የሚያስብ አለ። ቡናው እኮ እስኪፈላ ያስጠብቃል። መታወቂያችን ግን ሳንጠየቅ ይወጣል።

በዚህ ደግነት ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችንን የሚያህል የለም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ወዳለው ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ሰነድ በቴሌግራም ይላካል፤ ከታተመ በኋላ ማጥፋት ነውር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሰፈሩ ፓስፖርት፣ ዲግሪና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተደርድሯል። ልጁ የእኔን ሲፈልግ የሌላ ሰው ይከፍታል። "ይሄ የእርስዎ ነው?" "አይ፣ የጎረቤቴ ነው። መቼ ነው ያገባችው?"

የተበላሸ ኮፒም አይባክንም። ባለፈው የገዛሁት ኦቾሎኒ በአንድ ሰውዬ መታወቂያ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ደሙ ኦ ፖዘቲቭ ነው። የአደጋ ጊዜ ተጠሪው ባለቤቱ ናት፤ ቁጥሯ ላይ ትንሽ ጨው ነክቶታል እንጂ ይነበባል። ክፉ አይንካው እንጂ አንድ ነገር ቢሆን ቀድሜ የምደውለው እኔ ነኝ።

ስልካችን ላይም ያው ነን። የባትሪ አፕ ስንጭን ኮንታክታችንን ይጠይቃል። ይጠይቅ እንጂ! መብራት ሲጠፋ ለማን እንደምንደውል ካላወቀ በምን ያበራል? "እስማማለሁ" የምትለዋን መጫን ነው። ከላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሥራ የሌለው ነው።

ፈረንጅ ግን ነገር ያካብዳል። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባል ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ አገኘ ተብሎ በፈረንጆቹ 2018 ዓለም ታመሰ። በዓመቱ አሜሪካ ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣችው። ለዚች? እኛ ብንሆን "ምን የሚደበቅ አለኝ" ብለን፣ የቀረ ካለም ጨምረን እንልክላቸው ነበር።

እኛም አገር አዋጅ ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ ይንገር ይላል። ይህን ያነበበ አንድ ጎረምሳ ሰሞኑን የአንድ ሕንፃ በር ላይ ሰልፉን አቆመብን።

"ጋሼ፣ ስልኬ ምን ያደርግልዎታል?"

ጥበቃው ደብተሩን አየት አደረጉ። በማስመሪያ ያሰመሩትን በጣታቸው እያሳዩ፣ "ቦታው አለ እኮ ልጄ" አሉት።

ከኋላ ጩኸት ተነሣ። "እኛም ጉዳይ አለን! ተናገርና እለፍ!" ጎረምሳው እጅ ሰጠ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራ። ጥበቃው በጫጫታው መጨረሻዋን አልሰሙም። ከእኔ ኋላ የቆሙት እናት ግን ይዘውታል፤ ከዜሮ ዘጠኝ ጀምረው ደግመው አስጻፉላቸው።