ማታ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ጓደኛዬ ደወለልኝ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሯል፣ ሰርቪሱም ጨምሯል። «እናንተ ቤት ነው አይደል የምታስተምሯቸው? እኛም ልናስወጣቸው ነው። እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ። በስልክ ብዙ አልነገርኩትም። ጥያቄውን የሚጠይቀኝ ግን እሱ ብቻ ስላልሆነ ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ትልቁ ልጃችን 9 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛዋ 6። ትንሹ ገና 2 ዓመቱ ስለሆነ ሥራው የእነሱን ደብተር መቅደድ ነው። ከትምህርት ቤት ያስወጣናቸው በመንገዱ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤታቸው መሃል ከተማ ስለነበር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንቅልፍ ይቀሰቀሳሉ፣ ሰርቪስ ውስጥ ይተኛሉ፣ ማታ ደግሞ እራት ሳይቀርብ ሶፋ ላይ ይወድቃሉ። ይሄማ ኑሮ አይደለም ብለን ቤት ልናስተምራቸው ወሰንን።

«ወሰንን» አልኩ እንጂ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ያስተማረችው ባለቤቴ ናት።

ነጭ ሰሌዳ ገዛሁ፣ ማርከር ገዛሁ፣ ፕሮግራም ፕሪንት አድርጌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። በቀን ስድስት ፔሬድ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። የቀረን ደወል ብቻ ነበር። ከዚያ እኔ ጠዋት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ማታ እመጣና እራት በልቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ ደብተር አገላብጣለሁ። ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚያይ ሱፐርቫይዘር አለ አይደል? ልክ እንደሱ።

ቀን ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አላውቅም ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ሂሳቡም ሳይንሱም ይቆምና ጀሪካን ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ ላይ የነበረው ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ለትልቁ ክፍልፋይ እያስረዳች ሽሮው ይገነፍላል፣ ሽሮውን ልታወርድ ስትሮጥ ትንሹ ማርከሩን ከአፉ ጋር ያገናኘዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልብስ አለ፣ እራት አለ። ከዚያ እኔ እመጣለሁ።

አንድ ማታ ደብተሩን ገልጬ ቀኖቹን አየሁ። «ከማክሰኞ ወዲህ ምንም አልተሠራም እንዴ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። በረንዳ ወጥታ፣ የደረቀውን ልብስ ሳታወርድ እንዲሁ ከሥሩ ተቀመጠች። ልጄ ነው ቀስ ብሎ የነገረኝ፦ «ማሚ ዛሬ መጽሐፉን ይዛ ብዙ ቆየች። ግን አልገለጠችውም።»

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብሬያት ተቀመጥኩ። «ልጆቼን አልጠላሁም» አለችኝ። «‹ማሚ› የሚለውን ቃል ነው የጠላሁት።»

ፈረንጆቹ በርንአውት ይሉታል። እኛ ጋ «ታከተኝ» ነው ቃሉ፤ ስለምንለምደው ግን ማንም አይደነግጥበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 በርንአውትን ሲተረጉም ሦስት ምልክት አስቀምጦለታል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ ደግሞም ሥራዬ ምንም ፍሬ የለውም ብሎ ማሰብ። ትርጉሙ ለሥራ ቦታ ብቻ ነው ይላል። የባለቤቴ ሥራ ቦታ ወጥ ቤት ከነጭ ሰሌዳ ጋር ስለሆነ አይቆጠርም ማለት ነው። ሦስቱም ግን ነበሩባት።

የወላጅን መታከት ለይተው ያጠኑ አሉ፤ ቤልጂግ አገር የሚሠሩት ተመራማሪዎች ኢዛቤል ሮስካም እና ሞይራ ሚኮላይቻክ። ከብዙ አገር ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ42 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ ወላጆችን ጠይቀው ውጤቱን በ2021 አወጡ። ወላጅ በብዛት ታክቶት የተገኘው ሁሉም ለራሱ በሚኖርባቸው ባለጸጋ የምዕራብ አገሮች ነው። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ «እኛማ ደህና ነን፣ ተሳስበን ነው የምንኖረው» አልኩ። ቀና ስል የጎረቤቶቻችን በር ሁሉ ዝግ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት ጋር ደረጃ ላይ «ደህና አደራችሁ» ከመባባል አላለፍንም።

ወደ ከተማው ዳር ስንወጣ የተውነው ነገር ይሄ ነው። የባለቤቴ እናት ሽሮ ሜዳ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ሦስት ታክሲ። እዚያ ግቢ አምስት ቤት ነበር፤ ልጅ ሲያስቸግር «ሂድ እማማ ጋ» ይባላል፣ ይሄዳል፣ በቃ። እማማ ማስተማራቸውን ሳያውቁ ተረትም፣ ቆጠራም፣ ሥርዓትም ያስተምራሉ። እዚህ ኪራዩ ረከሰልን፣ እማማ ቀሩ።

እና ምን አደረግን? መጀመሪያ ስድስቱን ፔሬድ ከፍሪጁ ላይ ቀደድኩት። አሁን ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለሁለት ልጅ ይበቃል፤ ሃምሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ስም መጥራትና ጸጥ ማሰኘት ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚበላ አስቡት። ሂሳብ የእኔ ሆነ፤ ማታ ከእራት በፊት። ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን የእኔ ነው፣ እሷ ከቤት ትወጣለች። አትክልት ገዝታ እንድትመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። በሦስተኛው አላነሳችም፤ ደግ አደረገች።

ከዚያ ከሁለት ቤተሰብ ጋር ወንፈል ገባን። ገጠር ያደገ ሰው ወንፈልና ደቦ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ደቦ አብልተህ አጠጥተህ ሰው ጠርተህ የምታሠራበት ነው። ወንፈል ግን ዛሬ የእኔን እርሻ፣ ነገ ያንተን፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ማክሰኞ ልጆቹ ሁሉ እኛ ቤት፣ ሐሙስ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ። እዚያ ያለችው እናት አፋን ኦሮሞ ታስተምራቸዋለች፤ እኛ አማርኛ ንባብ እንሰጣለን። ሦስተኛው ቤተሰብ ነገሩን ደቦ መሰለው፤ ልጆቹን ያመጣል፣ ተራው ሲደርስ እንግዳ አለብኝ ይላል። ከወር በኋላ በሰላም ተለያየን።

አንድ ነገር ደግሞ ከየኔታ ወሰድን። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ያስታውሳሉ፤ የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስቆጥሩም፣ ፊደል የጨረሰው ጀማሪውን ያስቆጥራል። ትልቁ እህቱን ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ስሰማው፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ከማክሰኞ ወዲህ ምን ሠራሽ?» ይላታል። ድምፁ የእኔ ነበር። ገብቼ ምንም አልተናገርኩም፤ ምን እላለሁ?

አልተፈታም ነገሩ። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው፣ የሚከብድ ሳምንትም ይመጣል። ትልቁን ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ከመድረሱ በፊት ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ እያሰብን ነው፤ ቅርብ ያለ እንፈልጋለን። አንዳንዱ ዘመድ «አቃታችሁ አይደል?» ይለናል። አዎ፣ ከፊሉ አቅቶናል።

ለጓደኛዬ በስልክ ያልኩት ይሄን ሁሉ አይደለም። ስለ መጽሐፍ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ክፍያ ሲያወራኝ ቆይቶ፣ «ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤት ማን አለ?» አልኩት።

«ባለቤቴ አለች።»

«ጠይቀሃታል?»

ትንሽ ዝም አለ። «ማታ ስገባ እጠይቃታለሁ» አለኝ።