ከባለስሙ በቀር ሁሉም ቺኑክ ነው

ሲያትል ለሚኖር አበሻ ቺኑክ ማለት ዓሣ ነው። ያውም ከፓስፊክ ሳልመኖች ሁሉ ግዙፉ፣ ፈረንጆቹ «ንጉሡ» የሚሉት። ዋጋውም የንጉሥ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ስንሟገት፣ ብዙ ጊዜ የሚገላግለን ቄስ ሳይሆን የዋጋው ወረቀት ነው።

ወሬው ሁሉ ጦርነት የሆነ ወዳጃችን ደግሞ ሄሊኮፕተሩን ይጠራል፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ትልልቅ ሽክርክሪት ያለውን። በ2023 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ካርቱም ስትታመስ የአሜሪካን ኤምባሲ ሰዎች ያወጡት እነሱ ናቸው። ከጅቡቲ ተነስተው፣ በእኛው አገር ነዳጅ ሞልተው ነው የሄዱት። የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮቹን በነባር ሕዝቦች ስም መጥራት ይወዳል። አፓቼዎችን ስንት ዓመት በጥይት ሲያሳድድ ኖረና ስማቸውን ለተኳሽ ሄሊኮፕተር ሰጠው። እንዲህ ያለ የክርስትና አባት አይጣል ነው!

ነፋስም አለ። ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል እየወረደ በረዶ የሚያቀልጥ። በ1943 ጥር ላይ ስፒርፊሽ በምትባል የሳውዝ ዳኮታ ከተማ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የነበረውን ብርድ በ2 ደቂቃ ወደ 7 ዲግሪ ሙቀት ቀይሮታል። ውሻም አለ፣ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትት። ኒው ሃምፕሻየር በ2009 የግዛቷ ውሻ ብላ በሕግ ሾመችው። ዓሣውም የኦሪገን ግዛት ይፋዊ ዓሣ ነው።

ውሻው ታወቀ፣ ዓሣው ታወቀ። ሰዎቹስ?

ቺኑኮች የኮሎምቢያ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ንግድ ያውቃሉ። በ1805 ሉዊስና ክላርክ የሚባሉት አሳሾች ደርሰው ሲገበያዩአቸው፣ «ዋጋ ይቆልላሉ» እያሉ በማስታወሻቸው አማረዋል። በሰው አገር፣ በሰው ገበያ! በ1830ዎቹ ወረርሽኝ አብዛኛውን ሕዝብ ፈጀው። በ1851 የተረፉት ታንሲ ፖይንት ላይ ከመንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም። ፋይሉ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ መንግሥት ቤት ጉዳይ ይዞ ለተመላለሰ ሁሉ አዲስ አይሆንም። «እውቅና ስጡን» አሉ። «ማስረጃ አምጡ» ተባሉ። አመጡ። ለዓመታት አመጡ። በጥር 2001 የክሊንተን አስተዳደር ሊሰናበት ቀናት ሲቀሩት «አዎ፣ ጎሳ ናችሁ» ተባለ፤ እልል ተባለ። አጎራባቹ የኪኖልት ጎሳ ግን ይግባኝ አለ።

በሐምሌ 2002 የሉዊስና ክላርክ ጉዞ 200ኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ ዋይት ሃውስ ድግስ ተደገሰ። የቺኑኮቹ ሊቀ መንበርም ተጠርተው በሉ፣ ጠጡ። በቀናት ውስጥ ደግሞ እውቅናው መሰረዙ ተነገራቸው። ምነው ከምሳው በፊት ቢነግሯቸው? ሳይሆን አይቀርም ቢሮው ለምሳ ዝግ ነበር።

ምክንያቱ «ሳታቋርጡ እንደ አንድ ማኅበረሰብ መኖራችሁን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም» የሚል ነው። በበሽታ ያለቀ፣ ውሉ ሳይጸድቅለት የቀረ፣ መሬቱን የተቀማ ሕዝብ እኮ ነው። ለካ በዚያ መሃል ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበረበት!

የጸደቀ ውል ስለሌላቸው እንደ አጎራባች ጎሳዎች በውል የተጠበቀ የማጥመድ መብትም የላቸውም። ስለዚህ አንድ ቺኑክ አያቶቹ ባጠመዱበት ወንዝ ቺኑክ ማጥመድ ሲያምረው፣ ትናንት ከሲያትል እንደመጣው እንደ እኔ ቢጤ ተሰልፎ የግዛቱን ፈቃድ ይገዛል።