ድራማውን ያተረፉት ተመልካቾች ናቸው

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ገብቼ አንድ መሥሪያ ቤት የተባልኩት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ልጆች ሆነን ደብረ ሲና ያየነው አንድ ተከታታይ ድራማ ቅጂው ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። “ካሴቱ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል” አሉኝ። እሺ፣ ይሁን። ሰውዬው ግን ቀና ብሎ አየኝና “ድራማ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?” አለኝ። እኔን ያንገበገበችኝ ይቺ ናት።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። እዚህ “ዶክተር ሁ” የሚባል ድራማ አለ። ጊዜንና ህዋን እያቋረጠ ስለሚጓዝ እንግዳ ፍጡር ነው ታሪኩ። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። የኛ ቴሌቪዥን የተከፈተው በ1957 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ የዚህ ድራማ ነገር ከተነሳ እንቅልፍም አይወስዳቸው። በልጅነታቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ማይክሮፎን ደቅነው፣ በዚያ በድሮው ባለ ክር ቴፕ ድምፁን ይቀዱ ነበር። አንድ ቀን አሰሙኝ። ዶክተሩ እየተናገረ መሀል ላይ የሴት ድምፅ ጥልቅ አለ፤ “እራት ቀርቧል!” ትላለች። እናታቸው ናቸው። ሽማግሌው ያቺ ቦታ ስትደርስ ቴፑን አቆሙና እንደገና ከፈቱት።

ቢቢሲም እኮ ደምስሷል! ያኔ የቪዲዮ ክር ውድ ነበር፤ አጥፍቶ እንደገና መቅዳት ይቻል ነበር። ድራማን ደጋግሞ ማሳየትም ከተዋናዮች ጋር በነበረው ውል የተገደበ ስለነበር፣ ማስቀመጡ ትርፍ አልታያቸውም። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ጠፉ። ድምፃቸው ግን የአንዱም አልጠፋም። ለምን? እንደኛ ሽማግሌ ያሉ ልጆች የየሳሎናቸው ቴፕ ላይ ቀድተውት ስለነበር ነው። ዛሬ በዚያ ድምፅ ላይ ሥዕል እየተሠራለት አንዳንዱ ክፍል እንደገና ይታያል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ መገኘታቸው ተነገረ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው የተገኙት። ናይጄሪያ! ሩቅ አይደለም እኮ።

ምሁራኑም ገብተውበታል። በ1983 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች ስለዚህ ድራማ ብቻ ጥናታዊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ብዙ ነው። የሚያጠኑት ነገርም አለው። የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናቸው ሲቃወስ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ደራሲዎቹ ገጸ ባሕርይው አካሉን ቀይሮ በሌላ ተዋናይ እንዲቀጥል አደረጉ። ድራማው ዕድሜ ያገኘው በዚህ መላ ነው። ዳሌክ የሚባሉትን ጠላቶች የፈጠረው ቴሪ ኔሽን ደግሞ የጦርነት ዘመን ልጅ ነው፤ ናዚዎችን እያሰበ ነው የጻፋቸው። ይሄ የሚጠና ካልሆነ ምን ይጠናል? አንኮበር ላይ የቅኔ መምህር ስለ አንዲት ጉባኤ ቃና ቀኑን ሙሉ ሲከራከር “ምን ያደርግልሃል?” የሚል ሰው አላየሁም።

እኛ ፍቅሩ የለንም እንዳትሉኝ። ደብረ ሲና ጉሙ ከጣርማ በር ሲወርድ መብራት ይሄዳል፤ ያውም ድራማው ጥሩ ቦታ ሲደርስ። በማግስቱ ቡና ላይ ጥያቄው አንድ ነው፤ “ማን አየው?” ጎረቤታችን እትዬ ያዩትን ይነግሩናል። ያላዩትንም ይጨምሩበታል። “እሷማ መርዙን አልጠጣችም፣ ለማስመሰል ነው እንጂ” ይላሉ፣ አፋቸውን ሞልተው። ሰውም ይከራከራቸዋል፤ ሁለተኛው ጀበና ይጣዳል። ዶክተር ሁ ከ1989 እስከ 2005 እ.ኤ.አ.፣ መሀል ላይ ከታየው አንድ ፊልም በቀር፣ ተቋርጦ ነበር። እነዚያ ዓመታት ያለፉት ወዳጆቹ ልክ እንደ እትዬ የቀረውን ታሪክ ራሳቸው እየፈጠሩ ነው። ልዩነቱ እነሱ ጻፉት። በ2005 ድራማውን የመለሰው ራስል ቲ ዴቪስም ከነዚሁ ወዳጆች አንዱ ነበር።

“የቀን ቅኝት” የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ፣ አድማጭ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፏል። ጥናትም ተሠርቶበታል። ጥናቱ ግን በዋናነት የጠየቀው ስንት ሰው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ አመለካከቱን ለወጠ የሚለውን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አልጠላሁትም። እኔ ግን ሰው በየሳምንቱ ሬዲዮ ሥር ያስቀመጠው ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የትኛዋ ገጸ ባሕርይ ናት የተለቀሰላት? ምን ተብሎ ተሰደበ ክፉው? ይህንን የሚያውቁት የእትዬ እድሜ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እያለፉ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገባቸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣህ የአማርኛ ተማሪ ካለህ፣ ስልክህን ይዘህ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና ውረድና አንዲት እናት ቡና ላይ ተቀመጥ። የድሮ ድራማ አንሳባቸው፤ ከዚያ ዝም ብለህ ቅዳ።

ቤታችሁ ቁም ሳጥን ሥር የቪዲዮ ካሴት ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ በሠርግ ካሴት ትራፊ ላይ ከቴሌቪዥን የቀዳችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። እርጥበት ይሻግተዋልና ከመሬት አንሱት። ምን እንዳለበት ላዩ ላይ ጻፉ። የሚገለብጥላችሁ ሰው እስክታገኙም ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት።