እስከ ነገ ሙሉና አምጡ

በቃ፣ ዛሬስ አንገቴ ድረስ ሞላ! እህቴ እዚሁ ደብረ ብርሃን 11ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ዛሬ ፎርም ይዛ መጣች። ናቹራል ወይስ ሶሻል? እስከ ነገ ሙሉና አምጡ ተብለዋል። እስከ ነገ! የአንድ ልጅ ዕድሜ ልክ በአንድ ሌሊት ይወሰናል?

ሶሻል ከገባሽ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ የለም ብሎ ያስረዳት መምህር የለም። ምን ትወጃለሽ ያላትም የለም። ታዲያ ማንን ትጠይቅ? ጓደኞቿ "ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው" ይሏታል። አጎታችን ከመሐል ሜዳ ደውሎ "ዶክተር ሁኚልን" ይላል። ልጅቷ እኮ የአንኮበርን ታሪክ ስታወራ አፍ ታስከፍታለች! ፊዚክስ ደግሞ ገና ስሙ ሲነሳ ያማታል።

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰነፎች ናቸው ተባለ። ስንቶቹ የማይወዱትን ትምህርት ተሸክመው ሁለት ዓመት እንደለፉ ማን ጠየቀ? በ16 ዓመቷ ብቻዋን ምን ታድርግ? አንድ የሚያማክር ሰው ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።