ውሻው የልጁ ነው

ባለፈው እሑድ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሩቅ አይደለም፤ ከኛ ግቢ ሦስተኛው በር ነው። ደሴ ላይ በክረምት ከነጫማ ሰው ቤት መግባት አይሞከርም። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭቃ ሁሉ ሶላችን ላይ ተለጥፎ ይመጣልና ደጃፉ ላይ ማውለቅ ግድ ነው። አወለቅኩ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ በጤፍ ዋጋ ተማረርን፣ መርቀን ተነሣን። ስድስት ሰው ነበርን። ደጃፉ ላይ የቀረው ጫማ ዐሥራ አንድ ነው።

የጎደለው የኔ ግራ ነው። ግራ ገባኝ።

የቡናዋ ባለቤት መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። «ቦቢ ነው! ያ ርጉም! ጠዋትም የውዱእ ውሃዬን ሊልስብኝ ነበር» አለች። የእሷ በደል ከኔ ይብሳል። በእስልምና የውሻ ምላስ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ቦቢ ደግሞ ምላሱ አያርፍም። ሴትዮዋ ዕቃ ስታጥብ ነው የምትውለው።

ቦቢ ማለት የጎረቤቴ ውሻ ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። በቀኝ እግሬ ጫማዬን፣ በግራው ከሴትዮዋ የተዋስኩትን ሮዝ ነጠላ ጫማ አድርጌ እያነከስኩ ሄጄ አንኳኳሁ። አባትየው ወጣ። ስለ እኔ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ተጨነቀ። እግሬን ግን አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም አለ።

«ውሻህ ጫማዬን ወሰደው» አልኩት።

«የኔ ውሻ?» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ እኮ ውሻ የለኝም። ውሻው የልጁ ነው።»

ልጁ ተጠራ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አንገቱን ደፍቶ በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ውሻውስ የኔ ነው። ግን እኔ አካለ መጠን አልደረስኩም» አለ።

«ይህን ደግሞ ማን ነገረህ?»

«ሲቪክስ ላይ ተምረናል።»

አባት ውሻ የለውም። ልጅ ዕድሜ የለውም። እኔ ጫማ የለኝም።

ይሄ ዘዴ አዲስ እንዳይመስላችሁ። አበዳሪ በሩን ሲያንኳኳ «አባዬ የለም ብሏል በሉ ብሏል» ተብለው የተላኩ ልጆች አሁን ሸምግለው ዕድር ይመራሉ። ልጅ እኛ ዘንድ ጋሻ ነው። ባጃጅ ላይ ጭናችን ላይ ይቀመጣል፣ ሒሳብ እንዳይታሰብበት። ሠርግ ላይ ግን ወንበር ይያዝለታል፣ ሥጋው በሰው ቁጥር ነዋ።

ቂምም አለብኝ፤ ለምን እደብቃለሁ? ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአንድ ጎረቤታችን ገንዘብ ተበድሮ ቀኑ አለፈበት። ሰውዬው ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ሆነበት። ቡችላ አመጣና ስሙን «ዋስ ጥራ» አለው። ማታ ማታ ፍርፋሪ ሊሰጠው ሲጠራው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፦ «ዋስ ጥራ! ኧረ ዋስ ጥራ! ና እንጂ!» አባቴ የጎረሰው እንጀራ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ዕዳው ተከፈለ። የውሻው ስም ግን እንደተጠራ ቀረ።

ያ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ሰውዬው ሲጠየቅ «የቱ ውሻ? ይሄ እኮ የሰፈር ውሻ ነው፤ እኔ ፍርፋሪ ነው የምጥልለት» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስሙ ሲጠራው ያልሰማን ይመስል! ያኔ የውሻ መርፌ ማለት ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚወጋ ነው። እናቴ እጄን ይዛ በዚያ ዳገት ሽቅብ ትጎትተኛለች። እኔ የምቆጥረው የቀሩኝን መርፌዎች ነው። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ዋልክ?» አላለኝም። አሁን የለም፤ ነፍስ ይማር። ይቅር ብዬዋለሁ ግን አላልኩም።

ዋስ ጥራ ደግሞ ጀግና ቢሆን ኖሮ ጥሩ። ከአዝዋ ገደል በኩል ጅብ ሲያጓራ ከጎተራው ሥር ነው የሚገኘው። ጅቡ ከሄደ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ይወጣና እስኪነጋ ሰው አያስተኛም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። አራት ቃል ነው፤ የኛን ዕድር ስብሰባ ከነአጀንዳው ይዞታል። ሒሳብ ያዡ ደብተሩን አንብቦ «ጥያቄ ያለው?» ይላል። ፀጥ። የድንኳኑ ኪራይ እንዴት በእጥፍ ጨመረ የሚል የለም። ስብሰባው በጸሎትና በዱዓ ይዘጋል። ከዚያ አጥር ጥግ ላይ ሰብሰብ እንልና «ሰማህ አይደል የድንኳኑን?» እንባባላለን። እንጮኻለን ማለት ይሻላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ እኔም እዚያው አጥር ጥግ መቆሜ ነው።

ምን ላወራ ነበር? አዎ፣ ጫማዬ።

ተናድጄ ሌሊቱን ሕግ ሳገላብጥ አደርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከኔ ይበልጣል። ውስጡ ስለ መንገድም ስለ አጥርም ስለ ንብም ተጽፏል። ውሻ ለመያዝ ስንት ዓመት ይበቃል የሚል ግን የለም። የቤተሰብ ሕጉ፣ የፌዴራሉም የክልላችንም፣ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አልደረሰም ይላል እንጂ ንብረት አይኖረውም አይልም። አያቱ ጊደር ቢሰጡት ጊደሯ የሱ ናት። የሚያስተዳድርለት ሞግዚቱ ነው። (የሕጉ ሞግዚት እንጂ ጡጦ የምትይዘዋ አይደለችም።) ሞግዚቶቹ ደግሞ እናትና አባቱ ናቸው። ስለዚህ ልጁ አልዋሸም፤ ቦቢ የሱ ሊሆን ይችላል።

የዕድሜ ነገር በሕጋችን ሐረጎን ሲወርዱት እንዳለው መንገድ ይጠማዘዛል። በወንጀል መጠየቅ ከ9 ዓመት ይጀምራል። ሥራ ለመቀጠር 15 ነው። ለማግባትና ለመምረጥ 18። እንግሊዞች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንስሳ መሸጥ ከልክለዋል፤ ልጁ ውሻ ካለውም ተጠያቂው የሚያሳድገው አዋቂ ነው ብለዋል። ጥሩ ነው። እዚህ ግን ቡችላ ማን ይሸጣል? በካርቶን ተደርጎ፣ በስጦታ፣ እናት ገበያ ስትሄድ ጠብቆ ነው የሚገባው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 ጋ ስደርስ ነቃሁ። እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ሳያስበው ያመለጠው ቢሆን እንኳ። አንቀጽ 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ዕዳ ሲያመጣ አባት ይጠየቃል ይላል። ሁለቱን ደመርኳቸው፤ የጫማዬ ሒሳብ ቀጥታ አባትየው ላይ አረፈ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ነው ያደግነው። ሕጉ ገልብጦታል።

ጫማው እንኳ ይቅር። ልጁን «ውሻው ተከትቧል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ለውሻም ክትባት አለ እንዴ ጋሼ?» አለኝ። እዚህ ላይ የኔ ቀልድ ያልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻ በየዓመቱ መከተብ አለበት። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ይህን ሁሉ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጥሎ «ውሻው የልጁ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ለክትባት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ደግሞ ውሻው የማን እንደሆነ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምና አጥር የዘለለ ሌባ ግማሽ ሱሪውን ጥሎ ሲፈረጥጥ፣ ይሄው ሰው ፒያሳ ቁጭ ብሎ ለማኪያቶ ጓደኞቹ «ውሻዬ» ሲል ነበር። «ውሻዬ አንበሳ እኮ ነው!» ያን ቀን ልጁ የት ነበር?

በማግስቱ ሄጄ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። በጥሞና ሰማኝ። እንዲያውም በጣም በጥሞና። ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ያልከው ሕግ ላይ እኮ ሌላም አለ» አለኝ። «ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ፣ የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከዕዳው ነፃ ይወጣል ይላል። ነገ ቦቢን እልክልሃለሁ።»

ሮጬ ከፈትኩት። እውነቱን ነው፤ አለ። እኔ ነኝ 2071 ላይ ደስ ብሎኝ መጽሐፉን የዘጋሁት። ራሱ አላጠፋም ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ከሱ ጋር ተከራክሬ የማሸንፍ ብሆን ጫማዬን እስካሁን አገኘው ነበር።

እኔ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ድመት እንኳ ስታይ ልቧ ይደክማል። ደግሞ ቦቢ የኔ ሆነ ማለት ከነገ ጀምሮ የሰፈሩ ጫማ፣ የሰፈሩ ዶሮ፣ የዚያች ሴትዮ ጀሪካን፣ ሁሉም በ2071 በኔ ስም ይጻፋል። ስገላበጥ አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት ልጁ በሩን አንኳኳ። በአንድ እጁ ገመድ ይዟል፤ በገመዱ ጫፍ ቦቢ ጭራውን ይቆላል። በሌላው እጁ ግራ ጫማዬን ይዟል። ተረከዙ ታኝኳል፣ ምላሱ የለም፣ ማሰሪያው ግን እንደታሰረ ነው። ሳልፈታ ነው የማወልቀው።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ጫማ ነው አይደል?»

ገመዱን አየሁት። ቀኝ ጫማዬ በሩ ሥር ተቀምጧል። በእግሬ ገፋ አድርጌ ወደ ኋላ ደበቅኩት።

«አይ የኔ ልጅ» አልኩት። «አላውቀውም።»